የአደባባይ ሕንፃና ነዳፊው

ሀ. የአደባባይ ሕንፃ ምንድን ነው?

ሰው ለራሱና ለቤተ ሰቡ የሚሠራው ቤት ከብርድ፣ ከዝናብና ከፀሐይ የሚጠለልበት ነው። ስፋቱን የቤተ ሰቡ ቍጥር፣ መልኩን ደግሞ በአካባቢው የሚገኘው ቁሳቁስ ይወስነዋል። በጌዴኦ ደጋ፣ በቡሌና በዙሪያው የምትኖሩ ተማሪዎች ይህን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከኑሮ ታውቁታላችሁ። ቀርከሃው ከጓሮ ይቆረጣል፤ ጎረቤት በደቦ ይሰበሰባል፤ እጁ የሠለጠነ ሰው መሬቱን ለክቶ ምሰሶውን ያቆማል። ንድፉ በወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ከአባት ወደ ልጅ የተላለፈ ዕውቀት ሆኖ በሠሪው ልቡና ውስጥ ይገኛል።

የአደባባይ ሕንፃ የምንለው ግን ከዚህ ይለያል። መዘጋጃ ቤት፣ የጉባኤ አዳራሽ፣ ፍርድ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት የአንድ ሰው ንብረት አይደሉም። የሚሠሩት ከሕዝብ በተሰበሰበ ገንዘብ ነው፤ የሚገቡባቸውም እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ብዙ ሰዎች ናቸው። በዚህም ምክንያት ከአደባባይ ሕንፃ ሦስት ነገሮች ይጠበቃሉ። አንደኛ፣ የታሰበለትን አገልግሎት በሚገባ መስጠት አለበት። ሁለተኛ፣ ከሠሪዎቹ ዕድሜ አልፎ መቆየት አለበት። ሦስተኛ፣ ለሚያየው ሁሉ አንድ ነገር መናገር አለበት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን መረዳት አያስቸግርም። ሦስተኛው ግን ማብራሪያ ያስፈልገዋል።

ድንጋይ እንዴት ይናገራል? ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻችሁም። በጌዴኦ ምድር በቱቱ ፈላና በጨልባ ቱቱቲ የቆሙትን ትክል ድንጋዮች አስቡ። እነዚያን ድንጋዮች ጠርበው፣ ተሸክመውና ተክለው ያለፉት ሰዎች በስማቸው አይታወቁም። ይሁን እንጂ ድንጋዮቹን ያየ ሁሉ፣ «በዚህ ስፍራ አንድ ላይ ሆኖ ታላቅ ሥራ መሥራት የሚችል ሕዝብ ነበረ» ብሎ ይፈርዳል። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናትና የጎንደር ግንቦችም እንዲሁ ይናገራሉ። የአደባባይ ሕንፃ አንደበት እንግዲህ ይህ ነው፦ ያሠራውን ማኅበረ ሰብ አቅም፣ እምነትና ተስፋ ለኋለኛው ትውልድ ይመሰክራል።

ይህን አንደበት ለሕንፃው የሚሰጠው ባለሙያ የሕንፃ ነዳፊ ወይም አርክቴክት ይባላል። ነዳፊው የሕንፃውን ቅርጽ፣ የክፍሎቹን አቀማመጥ፣ የብርሃኑንና የአየሩን መግቢያ በሐሳቡ ቀርጾ በወረቀት ላይ ያሰፍራል። መሐንዲሱ ያ ቅርጽ ሳይወድቅና ሳይሰነጠቅ እንዲቆም የብረቱንና የሲሚንቶውን መጠን ያሰላል። ሥራ ተቋራጩ ሠራተኛውንና ዕቃውን ያሰናዳል። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ብረት አጣማሪውና ሲሚንቶ አቡኪው በወረቀት ላይ የነበረውን መስመር ወደ ግድግዳና ጣሪያ ይለውጡታል። ከእነዚህ አንዱ ቢጎድል ሕንፃው አይቆምም። ይህን ነጥብ በልባችሁ ያዙ፤ በሚከተለው ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ያጋጥማችኋልና።

በዚህ ምንባብ የተጠቀሱት ዘመናት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉት ግን «እ.ኤ.አ.» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል።

ለ. ከሎንዶን አንድ ምሳሌ

የታላላቅ የአደባባይ ሕንፃዎች ነዳፊነት እንደ ሙያ እጅግ ከተስፋፋባቸው ጊዜያት አንዱ እንግሊዝ በንግሥት ቪክቶርያ የምትገዛበት ዘመን ነው። በዚያ ዘመን ፋብሪካዎች በዝተው፣ ከተሞች ሰፍተው፣ የሕዝቡ ቍጥር አድጎ ስለ ነበር፣ እያንዳንዱ ከተማ የራሱን መዘጋጃ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍትና የባቡር ጣቢያ ለመሥራት ይፎካከር ነበር። ከዘመኑ ነዳፊዎች መካከል የቻርልስ ባሪን ታሪክ በአጭሩ እንመልከት።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 16 ቀን 1834 ሎንዶን የሚገኘው አሮጌው የምክር ቤት ሕንፃ ተቃጠለ። የእሳቱ መነሻ ጊዜ ያለፈባቸው የሒሳብ መቍጠሪያ እንጨቶች ከሕንፃው ምድጃ ውስጥ ያለ ልክ ተጨምረው መቃጠላቸው ነበር። ከዚህም በኋላ አዲስ ሕንፃ ለመሥራት ውድድር ታወጀ፤ 97 ንድፎችም ቀረቡ። እ.ኤ.አ. በ1836 ያሸነፈው ባሪ ነው። ባሪ ሥራው በስድስት ዓመት ያልቃል፣ ወጪውም ከ700 ሺህ ፓውንድ ጥቂት ይበልጣል ብሎ ገምቶ ነበር። ነገር ግን ሥራው ከ30 ዓመት በላይ ወሰደ፤ ወጪውም ከሁለት ሚሊዮን ፓውንድ አለፈ። ባሪ እ.ኤ.አ. በ1860 ሲሞት ሕንፃው ገና አላለቀም ነበርና የቀረውን ልጁ ኤድዋርድ አስፈጸመው። የሕንፃውን ውስጣዊ ጌጥና ዕቃ በአብዛኛው የነደፈው ደግሞ አውጉስተስ ፒዩጂን የተባለ ሌላ ባለሙያ ነበር።

ከዚህ አጭር ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ነዳፊው የቱን ያህል ዐዋቂ ቢሆን ታላቅ ሕንፃን ብቻውን የማይሠራው መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የጊዜና የገንዘብ ግምት ከሕንፃው ቅርጽ ባልተናነሰ የነዳፊውን ጥበብ የሚፈትን መሆኑ ነው። አሁን ወደ አገራችን እንመለስና በእነዚሁ ሁለት ፈተናዎች ውስጥ ያለፈ ሌላ ነዳፊ እንመልከት።

ሐ. ከአሥመራ እስከ አዲስ አበባ

አርቱሮ ሜዜዲሚ እ.ኤ.አ. በ1922 በኢጣልያ አገር፣ በሲዬና አጠገብ በምትገኝ ፖጂቦንሲ በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1940፣ ገና የ18 ዓመት ወጣት ሳለ፣ ወደ አሥመራ መጣ። በዚያን ጊዜ ኤርትራ በኢጣልያ ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች፤ በማግሥቱ ዓመት ግን የእንግሊዝ ጦር ያዛት። ስለዚህ ወጣቱ ሜዜዲሚ ሙያውን የጀመረው ጦርነት በሚካሄድበት፣ ገንዘብና ዕቃ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ነበር።

ሜዜዲሚ ከዩኒቨርሲቲ በአርክቴክቸር የተመረቀ ሰው አልነበረም። የተማረው በኢጣልያ ሥርዓት ከሁለተኛ ደረጃ የሙያ ትምህርት ቤት የሚገኘውን የቅየሳና የግንባታ ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት መሬት መለካትን፣ ንድፍ ማንበብንና ማዘጋጀትን፣ የዕቃና የወጪ ግምት ማውጣትን ያስተምራል። ከዚያ በላይ ያለውን ያገኘው ከሥራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 በአሥመራ የተሠራው የመዋኛ ገንዳ ሕንፃ ከመጀመሪያዎቹ ታዋቂ ሥራዎቹ አንዱ ነው። ይህን ሕንፃ ሲነድፍ ዕድሜው ገና ከ23 ዓመት አላለፈም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ሜዜዲሚ የተማረባት አሥመራ እርስዋ ራስዋ ታላቅ የሕንፃ ትምህርት ቤት ነበረች። በ1930ዎቹ የአውሮፓ ዓመታት ኢጣልያውያን ነዳፊዎች በአውሮፓ ያልተፈቀደላቸውን አዲስ አዲስ ቅርጽ በዚያች ከተማ ሞክረውባታል፤ ሕንፃዎቹን የገነቡት ግን ብዙ ጊዜ ከፊት በር ለመግባት የማይፈቀድላቸው የአገሩ ተወላጆች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩኔስኮ አሥመራን በዓለም ቅርስነት መዝግቧታል። እንግዲህ የእነዚያን ሕንፃዎች ውበት ስናደንቅ በማን ጉልበትና በምን ሁኔታ እንደ ተሠሩ መዘንጋት አይገባንም።

ሜዜዲሚ በአሥመራ ለ20 ዓመታት ገደማ ከሠራ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሙያውን ወደ አዲስ አበባ አዛወረ። ያደረሰውም አንድ ታላቅ ትእዛዝ ነበር።

መ. በ18 ወር የቆመው አዳራሽ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. የአፍሪካ የኢኮኖሚ ኮሚሽንን አቋቋመ። ኮሚሽኑ መቀመጫውን አዲስ አበባ አድርጎ የመጀመሪያውን ጉባኤ በታኅሣሥ 1951 ዓ.ም. አካሄደ። ዘመኑ የአፍሪካ አገሮች ከቅኝ ግዛት የሚላቀቁበት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1960 ብቻ 17 አገሮች ነጻ ወጥተዋል። እነዚህ አዳዲስ መንግሥታት ወኪሎቻቸውን ወደ አዲስ አበባ ሲልኩ የሚቀመጡበት፣ ንግግሩ በልዩ ልዩ ቋንቋ የሚተረጐምበት፣ ጽሕፈት ቤትም ያለበት ስፍራ ያስፈልጋል። ከተማይቱ ግን ለዚህ የሚበቃ አዳራሽ አልነበራትም።

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሥራውን ለሜዜዲሚ ሰጡት። ሜዜዲሚ ከብዙ ዓመታት በኋላ ስለዚህ ጉዳይ ሲጽፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት አንድ አዳራሽ ብቻ እንዳልነበረ ገልጿል። ፍላጎታቸው በዚህ አገርም ታላላቅ ሕንፃ መሥራት የሚቻል መሆኑን ለሕዝቡ ማሳየት ነበር። በሌላ አነጋገር ሕንፃው ከመጀመሪያው እንዲናገር ታዝዞ ነበር ማለት ነው።

የተሰጠው ጊዜ ግን አጭር ነበር። አፍሪካ አዳራሽ ተብሎ የተሰየመው ሕንፃ በ18 ወራት ውስጥ ተጠናቆ ጥር 29 ቀን 1953 ዓ.ም. ተመረቀ። ከምረቃው ሁለት ወር ገደማ ቀደም ብሎ፣ በታኅሣሥ ወር፣ በከተማይቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደርጎ ተኩስ ተሰምቶ ነበር። ሥራው ያንን የሁከት ጊዜ ተሻግሮ በቀኑ ደረሰ። የሎንዶኑ ምክር ቤት ከ30 ዓመት በላይ መፍጀቱን ስናስታውስ ይህ ፍጥነት ያስገርማል። በእርግጥ ሁለቱን በቀጥታ ማመዛዘን ትክክል አይሆንም፤ የሎንዶኑ ሕንፃ ከ1,100 በላይ ክፍሎች ያሉት፣ በጥርብ ድንጋይ የታነጸ ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ ደግሞ ሲሚንቶና ብረት በሰፊው ሥራ ላይ በዋሉበት ዘመን የተሠራ ነው። ቢሆንም ከአርባ ያነሰ ዕድሜ ለነበረው ነዳፊ 18 ወር ታላቅ ፈተና ነበር።

አፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው ከመስቀል አደባባይ ከፍ ብሎ፣ ከብሔራዊ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ነው። ከቡሌ ወደ ዲላ ወርዳችሁ፣ ከዲላም 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛችሁ አዲስ አበባ ብትደርሱ በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ሕንፃው በጊዜው በዓለም በተስፋፋው ዘመናዊ ስልት የተሠራ በመሆኑ እንደ ጥንት ቤተ መንግሥት ጉልላትና ባለ ቅርጽ ዓምድ አልተደረደረበትም። መስመሮቹ ቀጥታና ንጹሕ ናቸው። ይሁን እንጂ ወደ ግድግዳው ቀረብ ብላችሁ ስታስተውሉ ጥቃቅን ባለቀለም ሰድሎች ተሰካክተው ጌጥ ሠርተው ታገኛላችሁ። የዚህ ጌጥ መነሻ እናቶቻችን በሚለብሱት ቀሚስና ነጠላ ላይ የሚታየው ጥለት ነው። ሸማኔው በክር የሠራውን ነዳፊው በሰድል ሠራው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ የአገሩን ሕዝብ ዓይንና ልማድ አጥንቶ ወደ ሥራው ማስገባቱ ከጥበቡ ሁሉ የላቀው ነው ለማለት ይቻላል።

ከዋናው መግቢያ ውስጥ ደግሞ የሰው ሁሉ ዓይን የሚያርፍበት ሥራ አለ። ይኸውም በዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የተሠራው ባለቀለም የመስተዋት ሥዕል ነው። አፈወርቅ በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። ወደ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲያጠኑ ነበር፤ ነገር ግን ተሰጥኦዋቸው ወደ ሥዕል ስለ መራቸው በሎንዶን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ተማሩ። የመስተዋቱን ሥዕል የነደፉት ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ነው። መስተዋቱ በፈረንሳይ አገር ተሠርቶ ከመጣ በኋላ በአዳራሹ ተገጠመ። ስፋቱ 150 ካሬ ሜትር ሲሆን በሦስት ክፍል የተከፈለ ነው። ክፍሎቹ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ የነጻነት ትግልዋንና የወደፊት ተስፋዋን ያሳያሉ። ተስፋን በሚያሳየው ክፍል የአፍሪካ ቤተ ሰቦች በየአገራቸው ልብስ አጊጠው፣ ችቦ ይዘው ወደ ፊት ሲራመዱ ይታያሉ።

አንድ ነገር እንጠይቅ። ነዳፊው ያን ታላቅ መስኮት በተራ መስተዋት ሊዘጋው ይችል ነበር። ለምን ለሠዓሊ ተወለት? ምክንያቱ ከላይ የተናገርነው ነው፤ የአደባባይ ሕንፃ መናገር አለበት፤ ለመናገርም ከአንድ በላይ አንደበት ያስፈልገዋል። ባሪ ፒዩጂንን እንደ ፈለገ ሁሉ ሜዜዲሚም አፈወርቅን ፈለገ። ፀሐይዋ በመስተዋቱ በኩል ስትገባ በወለሉ ላይ የሚያርፈው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ብርሃን የነዳፊውም የሠዓሊውም ሥራ ነው።

ሕንፃው ከተመረቀ ሁለት ዓመት ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም.፣ የአፍሪካ መሪዎች በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበው የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ቻርተር ፈረሙ። ድርጅቱ 32 መሥራች አባላት ነበሩት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአዳራሹ ስም ከሕንፃ ስምነት አልፎ የአንድ ታላቅ ድርጊት መጠሪያ ሆነ። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2002 በአፍሪካ ኅብረት ተተክቷል፤ ኅብረቱም የራሱን ዋና ጽሕፈት ቤት በሌላ ስፍራ ሠርቷል። ግንቦት 17 ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ የአፍሪካ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ሠ. በኮረብታው ላይ ያለው መዘጋጃ ቤት

አፍሪካ አዳራሽ ሲመረቅ ሜዜዲሚ ሌላ ታላቅ ሥራ ይዞ ነበር። እርሱም የአዲስ አበባ መዘጋጃ ቤት ነው። ግንባታው ከ1953 እስከ 1957 ዓ.ም. ባሉት ዓመታት ተከናወነ።

የዚህን ሕንፃ ጥበብ ለመረዳት በቅድሚያ ቦታውን ማወቅ ያስፈልጋል። ቸርችል ጎዳና ከታች ከለገሃር፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ዳገቱን ይወጣል። መዘጋጃ ቤቱ የተሠራው ከጎዳናው የላይኛው ጫፍ ላይ፣ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው። በባቡር ወደ ከተማይቱ የመጣ እንግዳ ከጣቢያው ወጥቶ ቀና ሲል ከኮረብታው ላይ የሚያየው ይህን ሕንፃ ነበር። ሕንፃው ሰዓት ያለበት ረጅም ግንብ፣ ሰፊ የቴአትር አዳራሽና ብዙ ጽሕፈት ቤቶች አሉት። ነዳፊው የመሬቱን ተዳፋት እንደ እንቅፋት ሳይሆን እንደ ረዳት ቈጠረው። ሜዳ ላይ ቢሆን ተራ የሚመስለው ሕንፃ ከጎዳና ጫፍ ከፍ ብሎ ሲቆም ግርማ ያገኛል።

በዚህ ላይ ጥቂት እናስብ። ሕዝብ ወደ መዘጋጃ ቤት የሚሄደው ለምንድን ነው? የልደት ወረቀት ለማውጣት፣ የቦታ ጉዳይ ለማስፈጸም፣ ግብር ለመክፈል፣ አቤቱታ ለማሰማት ነው። ስለዚህ መዘጋጃ ቤት ግርማ ብቻ ሳይሆን ምቾትና ቅርበትም ያስፈልገዋል። እጅግ የገዘፈ ሕንፃ ባለ ጉዳዩን ሊያስፈራው ይችላል፤ እጅግ ያነሰ ደግሞ የከተማይቱን ክብር ዝቅ ያደርጋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ትክክለኛውን ሚዛን ማግኘት የአደባባይ ሕንፃ ነዳፊ ዘወትር የሚታገለው ችግር ነው። በመዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ከጽሕፈት ቤቶቹ ጎን የቴአትር አዳራሽ መኖሩ ለዚህ አንድ መልስ ነው፤ ሕዝቡ ለአቤቱታ ብቻ ሳይሆን ለደስታም እንዲመጣ በር ይከፍታልና።

ረ. ሕንፃው ከተመረቀ በኋላ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ ሜዜዲሚ ወደ ኢጣልያ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሮም ከተማ አረፈ። የነዳፊው የሙያ ታሪክ በዚህ ያበቃል፤ የሕንፃው ታሪክ ግን አያበቃም።

ማናቸውም ሕንፃ ከተመረቀበት ቀን ጀምሮ ማርጀት ይጀምራል። ዝናብ በስንጥቅ ይገባል፤ ብረት ይዝጋል፤ ሰድል ይረግፋል፤ የኤሌክትሪክ ሽቦ ያረጃል። ከዚህም በላይ የሕንፃ ደኅንነት ደንብ እየተሻሻለ ይሄዳል። አፍሪካ አዳራሽ ሲሠራ የነበረው ዕውቀት ከዛሬው ጋር ሲነጻጸር በተለይ የመሬት መንቀጥቀጥን ስለ መቋቋም ውስን ነበር። አዲስ አበባ ከታላቁ የስምጥ ሸለቆ ዳር የምትገኝ በመሆንዋ ደግሞ ይህ ጉዳይ ቸል የሚባል አይደለም።

በዚህ ምክንያት የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ለአዳራሹ ዕድሳት 57 ሚሊዮን ዶላር ያህል ፈቀደ። ሥራው ብዙ ዓመታት ወስዶ አዳራሹ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ። በዕድሳቱ ሕንፃው የመሬት መንቀጥቀጥን እንዲቋቋም ተጠናክሯል፤ የአፈወርቅ መስተዋት ተጠግኖ ጸድቷል፤ የጥንቱ ወንበርና ጠረጴዛ ሳይጣል ታድሶ ተመልሷል፤ በውጭው ግድግዳ ላይ ደግሞ ከ13 ሚሊዮን በላይ ጥቃቅን ሰድሎች የቀድሞውን ቀለምና ጥለት ጠብቀው ተተክተዋል።

ቍጥሮቹን አስተያዩዋቸው። ሕንፃው የተሠራው በ18 ወር ነው፤ ዕድሳቱ ግን ብዙ ዓመት ፈጀ። ለምን? አዲስ ሕንፃ የሚሠራ ሰው የሚታዘዘው ለራሱ ንድፍ ነው። የሚያድስ ሰው ግን ለሌላው ሰው ሐሳብ ይታዘዛል። የትኛው ክፍል ሊነካ፣ የትኛውስ ሊጠበቅ እንደሚገባ በየደረጃው መመርመር አለበት። አሮጌውን አፍርሶ አዲስ መሥራት ብዙ ጊዜ የሚቀልለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን ቻርተሩ የተፈረመበት አዳራሽ ከፈረሰ በኋላ በምንም ገንዘብ አይመለስም። በከተሞቻችን አሮጌ ሕንፃዎች ለአዲስ ሥራ ቦታ በሚለቁበት በዚህ ዘመን ይህ ጥያቄ በእናንተም ፊት መቅረቡ አይቀርም፤ ምን ይፍረስ? ምንስ ይቆይ? የሚለውን ለመመለስ ሕንፃው የሚናገረውን ማዳመጥ የሚችል ጆሮ ያስፈልጋል።

ሰ. የሚቀጥለው ነዳፊ ማን ነው?

ከተማሪዎች መካከል፣ «የአፍሪካን ነጻነት የሚያበሥረውን አዳራሽ ለምን ከቀድሞዋ ቅኝ ገዥ አገር የመጣ ሰው ነደፈው?» ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም በትምህርት ታሪክ ውስጥ ይገኛል። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ የሠለጠኑ ነዳፊዎች ገና በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። የሕንፃ ሥራ ባለሙያዎችን ለማፍራት የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተቋቋመው በ1947 ዓ.ም. ነው፤ አፍሪካ አዳራሽ ሊጀመር አምስት ዓመት ያህል ብቻ ሲቀረው ማለት ነው። ይህ ተቋም ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሕንፃ ንድፍና የከተማ ልማት ትምህርት ማዕከል ሆኗል። በዚያው ዘመን ከቀደምቶቹ ኢትዮጵያውያን ነዳፊዎች አንዱ የሆኑት ሚካኤል ቴድሮስ ከእስራኤላዊው ዛልማን ኤናቭ ጋር ተባብረው የፍል ውሃን መታጠቢያና የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ሕንፃ ነድፈዋል። መንገዱ የተከፈተው እንዲህ በጥቂት ሰዎች ነው።

ሌላም መልስ አለ። ንድፉ የሜዜዲሚ ቢሆንም መሠረቱን የቈፈሩት፣ ሲሚንቶውን ያቦኩት፣ ብረቱን ያጣመሩት፣ ሰድሉን አንድ በአንድ የለጠፉት በአብዛኛው የዚህ አገር ሠራተኞች ናቸው። ስማቸው በምረቃው ድንጋይ ላይ አልተቀረጸም። የትክል ድንጋዮቹም ሠሪዎች ስማቸው አልተቀረጸም። ነገር ግን አንድ ሕንፃ የማን ነው ብለን ስንጠይቅ መልሱ ነዳፊውን፣ ሠዓሊውን፣ ግንበኛውን፣ ያሠራውን፣ ያደሰውንና የሚገለገልበትን ሁሉ ይጨምራል።

ሜዜዲሚ ወደ ታላቅ ሥራ የደረሰው ከትንሽ ከተማ ተነሥቶ፣ በመለካትና በመሳል ሙያ ጀምሮ፣ ያየውን ሁሉ እያጠና ነው። እናንተም ከቡሌ፣ ከዲላ፣ ከይርጋ ጨፌ ወይም ከሌላ ስፍራ ሆናችሁ በዚሁ መንገድ ልትጀምሩ ትችላላችሁ። ጂኦሜትሪ ስትማሩ መስመሩ ነገ ግድግዳ እንደሚሆን አስቡ። የቀርከሃ ቤት ሲሠራ ስታዩ ክብ ቅርጹ ነፋሱን እንዴት እንደሚያሳልፍ፣ ጣሪያው የደጋውን ዝናብ እንዴት እንደሚያወርድ ጠይቁ። የአገርን ጥለት በሰድል ላይ ለማስፈር በመጀመሪያ ጥለቱን በሚገባ ማየት ያስፈልጋልና።

የቃላት ፍቺ

ነዳፊ፦ የሕንፃን ቅርጽና አሠራር አስቦ በወረቀት ላይ የሚያሰፍር ባለሙያ።
ጥለት፦ በልብስ ጠርዝ ላይ በቀለም ክር የሚሠራ ጌጥ።
ተዳፋት፦ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ መሬት።
ዕድሳት፦ ያረጀን ነገር መልሶ እንደ አዲስ የማድረግ ሥራ።

መልመጃ

1. ከአደባባይ ሕንፃ የሚጠበቁት ሦስት ነገሮች ምን ምን ናቸው? ለእያንዳንዱ ከምንባቡ አንድ ምሳሌ ስጡ።
2. የነዳፊው፣ የመሐንዲሱና የግንበኛው ሥራ በምን ይለያያል? በምንስ ይገናኛል?
3. ባሪና ሜዜዲሚ የሚመሳሰሉባቸውንና የሚለያዩባቸውን ነጥቦች በሁለት አንቀጽ አነጻጽሩ።
4. «ሸማኔው በክር የሠራውን ነዳፊው በሰድል ሠራው» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለቤቶቹን፣ ተሳቢውንና ማሰሪያ አንቀጹን ለይታችሁ አመልክቱ።
5. በአካባቢያችሁ ያለውን አንድ የአደባባይ ሕንፃ፣ ለምሳሌ ትምህርት ቤታችሁን ወይም የወረዳውን ጽሕፈት ቤት ምረጡ። ከምን እንደ ተሠራ፣ ለማን እንደሚያገለግል፣ ምንስ ጥገና እንደሚያስፈልገው የሚያስረዳ ባለ ሦስት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።